የጎኑ አፍ ክዳን

ክዳኗ መስኮቱ ላይ ነበረች።

ነጭ፣ ከለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ጥቂት ከፍ የምትል የፕላስቲክ ክዳን ናት። ከኮምቦልቻ ተመልሼ የውጩን ደረጃ ስወጣ በኩሽናው መስታወት በኩል አየኋት። እዚያ ምን ታደርጋለች ብዬ ለአፍታ ቆምኩ። ቀጥሎ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ክዳኗ መስኮቱ ላይ ካለች ከሲንኩ ስር ያለው የጎን አፍ ክፍት ነው፤ ውሃው ደግሞ መጥቶ እየወረደ ነው። ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

እኔ ከቤት ስወጣ የጋዙን ሲሊንደር ሁለት ጊዜ፣ የበሩን እጀታ ሦስት ጊዜ የምነካ ሰው ነኝ። እሳት እፈራለሁ፣ ሌባ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጮኽ እፈራለሁ። ውሃ ግን ፈርቼ አላውቅም። በእኛ ሰፈር ውሃ ይጠበቃል እንጂ አይፈራም።

የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ የእትዬ ዐሊማ አሮጌ ፎቅ ቤት ላይ ነበር። የባለቤታቸው አያት ከየመን መጥተው በጨርቅ ንግድ የሠሩት ቤት ነው ይላሉ። ታች እሳቸው ከልጃቸው ከጀሚልና ከልጅ ልጃቸው ከኢንሻራህ ጋር ይኖራሉ፤ ላይ እኛ። ወለሉ ጣውላ ነው። እኛ ስንራመድ ታች ይሰማል፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ ላይ ይሰማል።

ወደዚያ ቤት ከመግባታችን በፊት አራት ቤት ተከልክለናል። ባለቤቴን ሉቃስን ስትሮክ ከመታው ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ ምላሱም ታስሯል፣ ሽንቱንም አይቆጣጠርም። አከራዮች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ናችሁ ብለው ነው፤ ሁለተኛው በሽተኛ አለ ወይ ነው። አለ ስል ቤቱ ቀድሞ ተይዟል ይሉኛል። እትዬ ዐሊማ ግን ሉቃስን ያኔ ዘመድ ቤት ፍራሽ ላይ እንደተኛ መጥተው አዩት፣ ግንባሩን ዳሰሱና ግቡ አሉ። ጀሚል ላዩን ለራሱ ሊያድሰው ፈልጎ ስለነበር ሲያጉረመርም፣ እኔ እያለሁ እነዚህ ሰዎች አይወጡም ብለው አፉን አዘጉት። ሁለት ዓመት በዚያ ቃል ስር ኖርን።

ከቤቱ እስከ ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለቴ ሉቃስን ለእንቅስቃሴ ሕክምና እወስደዋለሁ። ባለሙያዋ ካላቋረጠ ይሻለዋል፣ ካቋረጠ ግን የተገኘውም ይጠፋል ብላኛለች። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ። ግድግዳውን በግራ እጁ አንኳኳና «ነይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲጠማውም፣ ሲያመውም፣ ሲረጥብም ያንኳኳል፤ ነይ ይላል። ሌላ ቃል አልመጣም። እኔ ግን በዚያች ቃል ላይ ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር። ያ ቤት ከእጃችን ከወጣ ሕክምናው እንደሚያበቃ ስለማውቅ፣ ለጸሎት በተንበረከክሁ ቁጥር የምለምነው ከዚያ እንዳንወጣ ነበር።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የገዛችው ልጄ አቢጌል ናት። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሰፋለች። በየቀኑ አንሶላ ሳጥብ እጄ ተሰነጣጥቆ ሲደማ አይታ ከአንድ ከሚዛወር ቤተሰብ ያገለገለ ማሽን ገዛችና አስጭና አመጣችው። ጀሚል ግድግዳ አይበሳም አለ። ለማሽኑ ራሱን የቻለ የፍሳሽ መስመር ለማውጣት ደግሞ ግድግዳ መብሳት ግድ ነበር። እትዬ ዐሊማ ሽማግሌ ሆነው ግድግዳው ሳይነካ ይግባ ብለው ፈረዱ።

አቢጌል የምታውቀው ሀይደር የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ መጣ። ከሲንኩ ስር ያለውን የተጣመመ ቱቦ፣ እነሱ ሲፎን የሚሉትን፣ አውልቆ በምትኩ ጎኑ ላይ ትንሽ አፍ ያለው ሌላ ገጠመ። የማሽኑን ቱቦ በዚያ በጎን አፍ አስገብቶ በማሰሪያ ቀለበት አጠበቀው። ከዚያ በፊት ግን ቱቦውን ሽቅብ ስቦ ከሲንኩ ከንፈር ስር በሚስማር አንጠለጠለው። ለምን እንዲህ ታዞረዋለህ ብዬ ስጠይቀው፣ ዝቅ ብሎ ከተኛ የሳህን እጣቢው ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ አንሶላሽ ወጥ ወጥ ይሸታል አለኝ። ሳቅሁ። ሉቃስም በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

እንደ ተገጠመ ብተወው ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር። ግን ደሴ ውስጥ አንድ በርሜል የሳሙና ውሃ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ማን ይችላል? ውሃ በፈረቃ ነው። ተራችን ደርሶም ላይመጣ ይችላል። ለመጸዳጃ ቤት ንጹሕ ውሃ የሚደፋ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ስለዚህ እኔ ባጠብሁ ቁጥር የማሽኑን ቱቦ ከጎን አፉ ነቅዬ በርሜል ውስጥ እከተዋለሁ፣ ውሃውን አጠራቅማለሁ፣ ሲያበቃ መልሼ እሰካለሁ። ሀይደር ሌላ ጊዜ ሲመጣ ይህን አየና ራሱን ነቀነቀ። ይህ አፍ ተገጥሞ እንዲረሳ የተሠራ ነው፣ እትዬ፣ እንደ መሶብ የሚከፈትና የሚዘጋ አይደለም አለኝ። ያም ሆኖ ነጯን ክዳን ሰጠኝ። ቱቦውን ስነቅል አፉን በእሷ እንድዘጋ ነገረኝ፣ እንዳትጠፋም ከሲፎኑ ጋር በክር አሰራት። ክሩን በኋላ እኔው በጠስኩት። እርጥበት ይዞ ይሸት ነበር።

ሌላም ልማድ አለን። የውሃው ቧንቧ በየቤቱ ክፍት ነው የሚያድረው፣ ክፍት ነው የሚውለው። ውሃው ሲመጣ በድምፁ እንነቃለን፣ ጀሪካን ይዘን እንሮጣለን። ከስሩ ሲንክ ስላለ ማንም አይሰጋም፤ ቢፈስም በፍሳሹ ይሄዳል።

ሐሙስ ነበር። የእኛ ተራ ቅዳሜ ነው። ጠዋት በተጠራቀመ ውሃ አንሶላዎቹን አጠብሁ፣ በርሜሉ ሞላ፣ ቱቦውን አወጣሁ። መልሼ ልሰካው ክዳኗን ከጎን አፉ ፈትቼ በእጄ እንደያዝሁ በሩ ተንኳኳ። የሉቃስን መድኃኒት የሚያመጣልን የባጃጅ ሹፌር ደምመላሽ ነው። መድኃኒቱን ሰጠኝና ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሚኒባስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጧል እየተባለ ነው፣ መንገዱም ተዘግቷል አለ።

አቢጌል የዕረፍት ቀኗ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብላኝ አራት ሰዓት ሆኗል። ደወልኩ፤ ስልኳ ተዘግቷል። እንደገና ደወልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ክዳኗን መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኋት ያኔ መሆን አለበት። ሉቃስን በጎኑ አገላበጥሁት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ አልሁት። ሲሊንደሩን ሁለት ጊዜ ነካሁ። ለእትዬ ዐሊማ ሳልናገር ወጣሁ። ብነግራቸው ያስቀሩኛል፤ ስሜን «አልታየች» ብለው ጠርተው፣ አንቺ ልጅ ሞትን በየቀኑ ምሳ ትጋብዢዋለሽ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። በሩን ቆለፍሁ፣ ሦስት ጊዜ ነካሁት።

መንገዱ አልተዘጋም ነበር። ሐረጎን ስንወርድ በየመታጠፊያው አንገቴን አውጥቼ ገደሉን አየሁ። የተገለበጠው ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ነው። ሽንኩርቱ ዳገቱ ላይ ተበትኖ ሰዎች እየለቀሙ ነበር። ይህን አይቼም አላመንሁ፤ ሚኒባሱን አንስተውት ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

አቢጌል ኮምቦልቻ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ተኝታ አገኘኋት። ሌሊቱን በቀረች ጓደኛዋ ምትክ ገብታ ሠርታ፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ፣ ሬሳ ሆና ተኝታለች። በሩን ደብድቤ ስታየኝ ዓይኗን እያሸች፦

«እማ፣ ዛሬም ሞቼ ነበር?» አለችኝ።

ተቀመጥሁና አለቀስሁ። እሷ ሳቀች፣ ሽሮ ሠራች፣ ሳትበይ አትሄጂም አለች። ሉቃስ ብቻውን ነው አልኋት፤ አንድ ሰዓት ምንም አይሆንም፣ ላብሽ ይድረቅ አለች። በላሁ። እንዲያውም ጣፈጠኝ። ልጄ በሕይወት አለች ብዬ ደስ ብሎኝ፣ ለብዙ ወራት እንዳልበላሁ ሰው በላሁ። ደሴ ላይ ውሃው የመጣው ያኔ ነው። በተራችን አልነበረም። ለምን በሐሙስ እንደመጣ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በሩን ከፍቼ ስገባ ኩሽናው ወለል ላይ ውሃ ብዙም አልቆመም። ጣውላው ስንጥቅ ለስንጥቅ ወደ ታች ጠጥቶታል። የሲንኩ ፍሳሽ በቅባት ጠቦ ስለነበር ከቧንቧው የወረደው ውሃ ቀላሉን መንገድ መርጧል፤ ታች ከመሄድ ይልቅ በጎን አፉ ይወጣ ነበር፣ ዓመት የከረመውን የሳህን ቅባትም ይዞ። ቧንቧውን ዘጋሁ። ዝምታው መጣ። በዝምታው ውስጥ የሉቃስን ማንኳኳት ሰማሁ።

ወደ መኝታው ሮጥሁ። ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። የግራ እጁ ጣቶች ቆዳ ተልጧል፣ ግድግዳው ላይ ደም አለ። ፊቱ በእንባና በላብ ርሷል። ሲያየኝ ነይ አላለም። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ውሃውን ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ሰምቶታል። ወዴት እንደሚሄድም ገብቶታል። ጤነኛ እያለ የመንገድ ሥራ ሰው ነበር፤ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ከኩሽናችን በታች የእነ እትዬ ዐሊማ ዕቃ ቤት ነው። ኢንሻራህ ኒካሕዋ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ብርድ ልብሶቿ፣ የታጠፉ ልብሶቿ፣ ፍራሾቿ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ሻርቡ። ከየመን የመጣ፣ ዳሩ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ነጭ ሻርብ ነው። የዚያ ቤት ሙሽራ ሁሉ በኒካሕዋ ቀን ትከናነበዋለች፤ እትዬ ዐሊማ ራሳቸው ተከናንበውታል። እንዲነፍስበት ብለው ከሳጥኑ አውጥተው ከቀዩ ብርድ ልብስ በላይ ዘርግተውት ነበር።

ጀሚል ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ግቢው ሲያወጣ ከደረጃው ላይ ቆሜ አየሁ።  ሻርቡን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። የብርድ ልብሱ ቀለም ገብቶበት ሮዝ ሆኗል፣ መሐሉ ላይ የቅባት ካርታ አለ። ኢንሻራህ አላለቀሰችም፤ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችውና መልሳ ሰጠችው። እኔ ከላይ ሆኜ በእጄ ላጥበው፣ ቀስ ብዬ በለብታ ላጥበው ብዬ ለመንሁ። ጀሚል ቀና ብሎ አየኝ። እንደሚሰድበኝ ጠብቄ ነበር።

«ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፣ እትዬ?» ብቻ አለኝ።

ሉቃስ ነበር አልሁት። አንገቱን አቀረቀረ። እኔ ብዬ ነበር አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ላይ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ እትዬ ዐሊማ ደረጃውን ወጡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከገባን ወዲህ ወደ ላይ የወጡት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። በየደረጃው ሲቆሙ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። ገብተው እኔን አላዩኝም፤ ቀጥታ ሉቃስ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና የተላጠውን እጁን አነሡ።

ቀትር ላይ ዙህር ሰግደው እንደጨረሱ ማንኳኳቱን እንደሰሙ ለእሱ ነገሩት። እኔ፣ አልታየች፣ አጠገቡ አለሁ ብለው አስበው ተዉት። ሲበዛም ዛሬ ምን ነካው ብለው ማስታወክ ወይም ሕመም መስሏቸው ዱዓ አደረጉለት። ከዚያ ኢንሻራህን ይዘው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዱ።

«አፉ በለኝ፣ ሉቃስ» አሉት። «እየጠራኸኝ ነው የወጣሁት።»

ሉቃስ ጣቶቻቸውን ጨብጦ ያዘ። እኔ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ። እንደማይቆጡ ከፊታቸው ገባኝ። ያኔ ይበልጥ ፈራሁ።

«አልታየች፣ እኔ አፉ ብያለሁ። ወላሂ፣ በልቤ የቀረ የለም። ግን ከዛሬ ወዲያ ከላዬ ውሃ ጠብ ባለ ቁጥር፣ እሱም ባንኳኳ ቁጥር፣ ይህን ደረጃ ልወጣ ነው። ሌሊትም ቢሆን እወጣለሁ። ልተወው ብል አልችልም። ጉልበቴ አይችልም፣ ቀልቤም አይችልም።» ከአልጋው ተነሡና «ቤት ፈልጉ፣ እህቴ» አሉ።

ማሽኑን አወጣለሁ አልሁ፣ ቧንቧ ክፍት አላሳድርም አልሁ፣ ከቤት ንቅንቅ አልልም አልሁ። እሺ እያሉ ሰሙኝ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ጀሚል ሊያስወጣን ሲሞክር ስንት ጊዜ ጸልያለሁ። ከእሳቸው አፍ ይወጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም ነበር። ይህን ያህል እየፈራሁ ይህን አልፈራሁም።

በሚቀጥሉት ቀናት ደሴን ከዳር እስከ ዳር ዞርሁ። በሽተኛ አለ? አለ። ተይዟል። አንዲት ሴትዮ ቤቱን ካሳየችኝ በኋላ ሰኞ ገበያ ፎቅ ያጥለቀለቁት እናንተ ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልሁ። መዋሸትም እችል ነበር፤ ግን ደክሞኝ ነበር።

ኒካሑ በቀኑ ሆነ። ኢንሻራህ ከሱቅ የተገዛ ሻርብ ተከናነበች። ታች ሲዘመርና ሲጨፈር እኔ ላይ ሆኜ በርሜሉን በሳህን እየቀዳሁ ባዶ አደረግሁ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ እያልሁ።

ሀይደር መጥቶ ማሽኑን ነቀለ። ሁለት አፍ ያለውን ሲፎን አውልቆ የድሮውን መለሰ፣ ቅባቱን ጠረገ፣ ውሃ ደፍቶ ሞከረ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እንዲህ ይሠራ እንደነበር አላውቅም ነበር። ክዳኗን ትፈልጊያታለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወስጄ ኪሴ ከተትኋት።

ሉቃስን ተሸክሞ ያወረደው ጀሚል ነው። እንደ ሕፃን አቅፎ፣ እየተጠነቀቀ፣ ራሱ ግድግዳውን እንዳይነካ በእጁ እየከለለ። እትዬ ዐሊማ በራቸው ላይ ቆመው ቴምር ሰጡን። ዚያራ እመጣለሁ፣ እጠይቃችኋለሁ አሉ። ሐረጎን ወርደው እንደማይመጡ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ኮምቦልቻ ነን፣ አቢጌል ክፍል ውስጥ፣ ሦስታችን። ሲንክ የለም፤ ዕቃ የሚታጠበው ግቢው ውስጥ ነው፣ እጣቢው ቦይ ላይ ይደፋል። ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኖ ከግድግዳው ስር ቆሟል፣ ዶሮዎች ይወጡበታል። ሀይደር አንድ ቀን መጥቶ ዙሪያውን አየና ፍሳሽ በሌለበት የቱ ጋ ላስገባው ብሎ ሄደ። አንሶላውን በእጄ አጥባለሁ። ሆስፒታሉ ደሴ ነው። አንድ ጊዜ ሉቃስን ይዤ ዳገቱን ለመውጣት ሞክሬ፣ በመንገድ ላይ ረጥቦ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት አፍንጫቸውን ሲይዙ ዓይኑን ጨፍኖ እስክንደርስ አልከፈተም። ባለሙያዋ እጁን አንስታ ስትለቀው ወደቀ።  ከዚያ አልተመለስንም።

ነይ ብሎኝ አያውቅም፣ ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ። አያንኳኳምም። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ነው፣ ቢያንኳኳ ድምፅ አይሰጠውም ብዬ ለአቢጌል ነገርኋት። እሷም አዎ፣ እማ አለችኝ። ሲርበውም ሆነ ሲያመው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቼ አንሶላውን እዳስሳለሁ።

ዛሬ አቢጌል ለሌሊት ፈረቃ ወጣች። ስትደርሺ ደውዪ አልኋት፤ እንደምሞት ከሆነ ቀድሜ እደውልልሻለሁ አለችና ግንባሬን ስማ ሄደች። ደወለች፣ ደርሳለች። ሲሊንደሩን ሁለት ጊዜ ነካሁ። ቀጥዬ እጄን ወደ ቧንቧው ዘረጋሁ፤ ቧንቧ የለም። ሉቃስን ወደ ግድግዳው አዞርሁት፣ ከአንገቱ ስር ትራስ አስገባሁ። ውሃ ትፈልጋለህ ወይ አልሁት። ግድግዳውን አየ።

የዚህ ክፍል በር ቆርቆሮ ነው፣ ወርዷል፤ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገጥምም። በሙቀት ቀን ይብሳል። በትከሻዬ ሽቅብ ገፋሁት፣ ተንሸራተተ። በጉልበቴ ደገፍሁት፣ እንደገና ገፋሁት። በሦስተኛው ብረቱ ገባ።